ጋዝ አልሞላም ያሉት ሰው

አያ ይመር ማረፋቸውን የነገረኝ ወልድያ መናኸሪያ ያገኘሁት የሚኒባስ ሾፌር ነው። "የመርሳው ኤሲ ሠሪ ሞቱ እኮ" አለኝና ተሳፋሪ መጥራቱን ቀጠለ። ከዚያ ዘወር ብሎ፣ "እንግዲህ ጋዝ የሚከለክለን የለም" ብሎ ሳቀ። ሳቁን ግን አልጨረሰውም። በእጁ የያዘውን ጨርቅ ሲያገላብጥ ቆየና፣ "ምላሳቸው ነበር እንጂ ክፉ አልነበሩም" አለ።

በማግስቱ መርሳ ወርጄ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ስቀመጥ ተሳስቼ የሌላ ሰው ለቅሶ ላይ የገባሁ መሰለኝ። ትዕግሥተኛ ነበሩ ይላል አንዱ። ሰው አስቀይመው አያውቁም ይላል ሌላው። አገራችን የሰውን ጠባይ የምታርመው ከሞተ በኋላ ነው፤ ያውም በአንድ ቀን። እኔ የማውቃቸው አያ ይመር ግን ትዕግሥት የሚባል ነገር በደጃቸው አላለፈም። ሰው ሳያስቀይሙ የዋሉበት ቀን ካለ ጋራዡ የተዘጋበት ቀን መሆን አለበት። ደንበኛን ከነመኪናው ያባርራሉ። ያባረሩት ሰው ወልድያ ደርሶ፣ ዞሮ ዞሮ ሲመለስ ደግሞ "ናፈቅሁህ?" ብለው ይቀበሉታል። የማልረሳው እኒህን ሰው ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሲወደስ የዋለውንማ አላውቀውም።

መርሳን በጠዋት ብቻ የሚያያት ሰው መልካም ከተማ ናት ብሎ ያልፋል። በቀትር፣ መስኮት ዘግቶ፣ ኤሲው ፊቱ ላይ ትኩስ አየር እየነፋበት የሚያልፍ ሰው ግን አያቶቹ ደጋውን ትተው ለምን ወረዱ ብሎ ይጠይቃል። በዚህ መስመር የሞቀ ኤሲ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ጋዝ ማስሞላት። ምን ሆኖ ነው የሚል የለም። ይሞላል፣ ጥቂት ሳምንት ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይሞቃል፣ እንደገና ይሞላል። ሰዉ ነገሩን ከጉንፋን ለይቶ አያየውም። የሚሞላው ደስተኛ ነው፤ የሚያስሞላውም እስከሚቀጥለው ድረስ ደስተኛ ነው። ይህን የጋራ ደስታ የሚያደፈርሱት አያ ይመር ብቻ ነበሩ። "የሚያፈስበትን ሳላገኝ ጋዝ አልሞላም" ይላሉ። "በተቀደደ ስልቻ እህል የሚጨምር ሞኝ ነው። ስልቻው የኔ ነው ጨምርልኝ የሚለው ግን የባሰ ነው።"

ወልድያ ላይ ተሠርቶ የመጣ መኪና ሲያዩ ደግሞ የተለየ ደስታ ይሰማቸው ነበር። ወልድያ ከፍ ያለች ስለሆነች በጠዋት ሁሉም ኤሲ ይቀዘቅዝባታል። ባለመኪናው እጁን ዘርግቶ ይሞክራል፣ ይረካል፣ ቁልቁል ይወርዳል። ሲሪንቃን አልፎ ወደ መርሳ ሲቃረብ ላቡ መንጠባጠብ ይጀምራል። "ወልድያ ላይ የቀዘቀዘልህ ኤሲው አይደለም፣ ወልድያ ናት" ይሉታል አያ ይመር። እሳቸው የሠሩትን የሚሞክሩት በመርሳ ቀትር ብቻ ነው። ጠዋት ሠርተው ቢጨርሱ እንኳ ባለቤቱ ቀትር እስኪሆን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ካልጠበቀ፣ ይሰድቡታል።

እኔም በዚሁ መንገድ ነው እጃቸው ላይ የወደቅሁት። ወልድያ ላይ ተሞልቶልኝ፣ ውርጌሳ ድረስ ደርሼ ስመለስ መኪናዬ ውስጥ ልቀቀል ስል፣ ከአስፋልቱ ዳር ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ጋራዥ አየሁና ገባሁ። ዛፍ ጥላ ሥር ወንበር ላይ የተቀመጡ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ሳይነሡ፣

"ምን ሆነ?" አሉኝ።

"ሞቃት አየር ነው የሚነፋው፤ ጋዝ ይሙሉልኝ።"

"እኔ ምን ሆነ ነው ያልሁህ፤ ምን ላርግልህ አላልሁም።"

ሐኪሞቻችን እንኳ የማይጠይቁትን ጥያቄ አከታተሉብኝ። ሲሄድ ነው ሲቆም የሚሞቀው? ጠዋት እንዴት ነው? በድንገት ነው ቀስ በቀስ? ሁልጊዜ ይሞቃል አልኋቸው። "ውሸት ነው" አሉ። "ሁልጊዜ የሚባል በሽታ የለም። አላስተዋልህም እንጂ።"

ኮፈኑን ሲከፍቱና ከፊት ያለውን ሙቀት ማስወጫ፣ ኮንደንሰሩን፣ ሲያዩ ግን ሳቃቸው መጣ። መርሳ ባለችበት በሀብሩ ወረዳ አጨዳ ሲደርስ ገበሬው ምርቱን አስፋልት ላይ ያሰጣል፤ የኛ መኪና ጎማ በነጻ ይወቃለታል። ስንወቃ ደግሞ ገለባውን ኮንደንሰሩ ይሰበስባል። የኔው ሞልቶ አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ አልነበረውም። "ይህን ሁሉ ገለባ ተሸክመህ ከምትዞር በሬ ብትሆን አይሻልህም ነበር?" አሉኝ። ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። ጋዜጣ ላይ እጽፋለሁ አልሁ። "እንዲያ በል። ገለባ መሸከም ልማድህ ነዋ" አሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም፤ "ፀሐፊው" ሆኜ ቀረሁ።

ገለባው ከተጠረገ በኋላ አልቆሙም። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እየዳሰሱ ተከተሉ። "ጋዝ ብቻውን አይወጣም፤ ዘይት ይዞ ነው የሚወጣ። ዘይት ያለበት ላይ አቧራ ይለጠፋል። ይህ ሌባ ዱካ ሳይተው ሄዶ አያውቅም።" አንድ መጋጠሚያ ላይ የረጠበ አቧራ አገኙ። የሳሙና አረፋ ቀቡበትና ጠበቁ። አረፋው እንደ ሕፃን ምራቅ ቀስ ብሎ ተነፋ። ውስጧ ያለችውን ትንሽ ጎሚኒ ለወጡ፣ ቱቦው ውስጥ የቀረውን አየር መጥጠው አወጡ፣ ከዚያ በኋላ ነው ጋዝ የሚለውን ቃል የፈቀዱልኝ። በቀትር ውርጌሳ ድረስ ደርሰን ተመለስን። መንገዱን ሙሉ የእጃቸውን ጀርባ አየር ማውጫው ላይ ደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሄዱ። መርሳ ስንገባ ዓይናቸውን ገለጡና "ይበቃል" አሉ። በአያ ይመር አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም። ለመኪናም፣ ለወጥም፣ ለኔ ጽሑፍም (አንድ ጊዜ አስነብበውኝ) ከዚህ አልፈው አያውቁም።

ሙያቸውን ላጋንን አልፈልግም። ይሳሳቱ ነበር፤ ሲሳሳቱ ደግሞ በሙሉ ልብ ነው። ከሲሪንቃ የመጣ አንድ ፒካፕ ላይ ማፍሰሻ ሲፈልጉ ውለው አደሩ። ባለቤታቸው እትዬ ጦይባ ከጋራዡ በር ላይ ለስላሳና ውሃ ይሸጡ ነበር። በሁለተኛው ቀን ከማቀዝቀዣቸው ጀርባ ሆነው፣

"የዘሀራ አባት፣ ፊውዙን አይተኸዋል?" አሉ።

"ፊውዝ ቢሆን እኔ ሳላውቅ ቀርቼ ነው?"

እትዬ ጦይባ መጥተው የፊውዙን ሳጥን ክዳን ከፈቱ፣ በጥፍራቸው ፊውዙን መዘው ወደ ፀሐይ አነሡት። ተቃጥሏል። ሾፌሩ በሳቅ ወደቀ። አያ ይመር ፊውዙን ተቀብለው ግራ ቀኝ እያገላበጡ መረመሩትና፣ "ይህ አሁን የተቃጠለ ነው" አሉ። "በኔ ፍለጋ ተሳቅቆ።"

ሁለተኛም ሕግ ነበራቸው፤ ጋዙን የሚገፋውን ኮምፕረሰር አይከፍቱም። የጮኸ ኮምፕረሰር ይዞ፣ ክፈቱና እዩልኝ የሚል ሲመጣ ፊታቸው ይለወጣል። "ፋብሪካ የዘጋውን ሰው ከከፈተው እንደ ቀድሞው አይዘጋም። ወይ ለውጠው፣ ወይ እንዳለ ተወው።" ሌሎቹ መካኒኮች ከፍተው ይጠግናሉ፤ አንዳንዱም ጥሩ ይሆናል። ይህን ስነግራቸው፣ "የሆነውን ነው የምትሰማ፤ ያልሆነው መንገድ ዳር ቆሞ ማን ያወራልሃል" አሉኝ። ይህ ሕግ ከየት እንደመጣ ያኔ አልጠየቅሁም። የሙያ ነገር መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት በጋው ሲጀምር ከሱ፤ ከሱ አልሁ እንጂ፣ ቀጭን የነበረ ሰው ከሳ ማለት ይከብዳል። ፊታቸው ነው የነጣው። ቱቦ ሲከተሉ መሐል ላይ ቆመው ይተነፍሳሉ። አቅም ሲያንሳቸው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ክሊኒክ ይሻገሩና ግሉኮስ ያስደርጋሉ። በኛ አገር ግሉኮስ ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ድካም ለሚሰማው ሁሉ፣ ምን ሆነህ ሳይባል፣ በገመድ ተንጠልጥላ የምትገባ ብርታት ናት። አያ ይመር ተሻግረው ሲመለሱ ፊታቸው ወዝ ይመለስበታል፣ ስድባቸውም ይበረታል። ጥቂት ቀን ይቆይና እንደገና ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ።

አንድ ቀን እኔ ባለሁበት ነው። መንገዱን ተሻግረው ሲመለሱ እትዬ ጦይባ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ቀና አሉ።

"ዛሬስ ሞላህ?"

"ሞላሁ፣ አልሃምዱሊላህ።"

"እስከ መቼ?"

"እስኪያልቅ ነዋ።"

"ኧረ! ይችን ነገር ለሾፌሮቹ ንገራቸው እስቲ። ስታባርራቸው የኖርህ እነሱን አይደለም?"

አያ ይመር ቁልፋቸውን አነሡና ምንም ያልሆነ ቱቦ ማጥበቅ ጀመሩ።

ልሄድ ስል እትዬ ጦይባ ውሃ የሚሰጡኝ መስለው ተጠጉኝ። "ወንድማለም፣ ይኼ ሰው እያፈሰሰ ነው" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ዱካውን አይቸዋለሁ። ከሽንት ቤት ሲወጣ ተከትየ ገብቼ ነው ያየሁት። እንደ ከሰል ጠቁሯል። ደሙ በሆዱ ነው የሚሄድ። ደሴ ሂድና ተመርመር ስለው እምቢ አለ። ለምኜዋለሁ፤ ሽማግሌም ልኬበታለሁ። አንተ መኪና አለህ።"

"እኔ ብለምናቸው ይሰሙኛል?"

"ለምነው አላልሁህም። መኪናህ ይታመም።"

ዕቅዱ የእትዬ ጦይባ ነው፤ ከአያ ይመር ጋር አብሮ ያረጀ ሰው ብቻ የሚያቅደው። ኤሲው መርሳ ላይ ደህና ሆኖ የውጫሌን ዳገት ስይዝ ይሞቅብኛል አልኋቸው። እንዲህ ያለ ነገር ሳይሞክሩ የማይተዉት ነው። ሥቃያቸውን ረስተው፣ "ዳገት ላይ? ዳገት ላይ ብቻ?" እያሉ ተነሡ። ማንም ለሕመም እንዲህ ፊቱ ሲበራ አላየሁም። እትዬ ጦይባ ሐይቅ ዘመድ እጠይቃለሁ ብለው ከኋላ ገቡ።

እስከ ውርጌሳ የእጃቸው ጀርባ ከአየር ማውጫው አልተነሣም። ውርጌሳ ላይ ሻይ እንጠጣ ብለው አስቆሙኝ። ወርደው የኋላውን ክዳን ክፈት አሉኝ፤ ከዚያ በኩል የሚመጣ ድምፅ አለ ብለው። ከፈትሁ። ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ ፔርሙዝ፣ ሳፋ። ቆመው ዕቃውን አንድ በአንድ አዩት።

"ጦይባ" አሉ፣ "ሐይቅ ዘመድ ጥየቃ ሳፋ ይዘሽ ነው የምትሄጅ?"

እትዬ ጦይባ የፔርሙዙን ክዳን አጠበቁ።

"መኪናው ጤነኛ ነው" አሉ ወደኔ ዞረው። "እሱን ገና ከመርሳ ወጥተን ሊብሶ ሳንደርስ ነው ያወቅሁት። ፀሐፊ ሆነህ ውሸት እንዲህ ይከብድሃል?"

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ቢቆጡ ኖሮ ይሻል ነበር፤ ቁጣቸውን ሁለታችንም ለምደነዋል። እሳቸው ግን መኪናው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፣ ሳፋውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ታላቅ ወንድማቸውን አነሡብን። መሐመድን ሆዱን አሞት ደሴ የወሰዱት እሳቸው ነበሩ። ሐኪሞቹ ከፍተው አይተው፣ የሚሠራ ነገር ስላልነበረ መልሰው ዘጉት።

"ዘጋነው አሉኝ። ተዘጋ እንዴ ታዲያ? ተሸክሜው ስመለስ፣ እዚችው መንገድ ላይ፣ መኪናው በየጉድጓዱ ሲነጥር የሱን ጩኸት የሰማሁት እኔ ነኝ።" ከዚያ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። "ጦይባ፣ በአላህ ይዤሻለሁ። መልሽኝ። ሙቀቱ ይውጣ። ሰዉ እኔን የሚፈልግበት ወር ነው። ክረምት ሲገባ ማንም ሳይነዳኝ በእግሬ እሄዳለሁ። በአላህ።"

እትዬ ጦይባ ሳፋውን ከባላቸው ጉልበት ላይ አነሡት። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገቡና በሩን ሳቡት። "መልሰው" አሉኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ያን የውርጌሳውን ቀን አንሥተው ያጫወቱኝ እሳቸው ናቸው። "ፈርቼው እንዳይመስልህ" አሉኝ። "ዕድሜውን ሙሉ ለምኖኝ አያውቅም። ሲለምነኝ ጊዜ እምቢ አላልሁትም። ቢሰድበኝ ኖሮ ደሴ አደርሰው ነበር።" ይህን ሲሉ አላለቀሱም። አጠገባችን የተቀመጠ አንድ ዘመናይ ደግሞ፣ "የሰው መኪና ሲመረምሩ ራሳቸውን ረሱ" ብሎ አዝኖ ራሱን ነቀነቀ። አባባሉ ያምራል፤ ችግሩ ሐሰት መሆኑ ነው። አያ ይመር ራሳቸውን አልረሱም። ማፍሰሻው ይፈለግ የሚለውም፣ የተዘጋ አይከፈት የሚለውም የራሳቸው ሕግ ነበር፤ ሁለቱ አንድ ሆድ ውስጥ ተገናኙባቸው። ሰው ባለማወቅ ይሞታል ሲባል እሰማለሁ። እኔ ደግሞ ከመንገድ ዳር ያገኘውን አንድ እውነት አጥብቆ ይዞ፣ አለቦታው ተጠቅሞበት የሞተ ሰው አውቃለሁ።

በጋውን በግሉኮስ አሳለፉት። ሥራው በዝቶ ነበር፤ ሙቀቱም እንደዚያ ዓመት ሆኖ አያውቅም ይላሉ፤ በየዓመቱ እንዲህ ቢባልም። ስሄድ አንዳንዴ ወንበራቸው ላይ ሆነው ቱቦውን ባለመኪናው ራሱ እንዲዳስስ ያዙታል፤ "ረጠበህ? የት ላይ? ቀና በልና አሳየኝ" እያሉ። ያልዳሰሱትን ግን አይሞሉም። እየተደገፉ ይነሣሉ፣ ይዳስሳሉ፣ ይቀመጣሉ።

የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ በጣለ ሰሞን እትዬ ጦይባ ደወሉልኝ። "እሄዳለሁ ብሏል። ቃሉን ጠበቀ" አሉ። ለዚህ ደስ ይበለኝ አይበለኝ ሳላውቅ ወረድሁ። አያ ይመር ልብሳቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ሳፋውን ራሳቸው ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር። "መቼም በደህና ጊዜ አትመጣ" አሉኝ።

ደሴ ላይ ሐኪሙ ገር ወጣት ነበር። ጠየቃቸው። መቼ ጀመረ፣ በምን ይብሳል፣ በምን ይሻላል። አያ ይመር መልስ ሲሰጡ፣ እንዲህ የሚጠይቅ ሰው በማግኘታቸው የተደሰቱ ይመስሉ ነበር። "ሁልጊዜ ነው የሚያምዎት?" ሲላቸው ወደኔ ዞረው ጠቀሱኝ። ሐኪሞቹ በመሣሪያ አዩና ወዲያው አገኙት፤ ከጨጓራቸው ውስጥ ያበጠ ነገር ነበር፤ ሲያደማ የኖረው እሱ ነው። ሐኪሙ እኔንና እትዬ ጦይባን ለብቻ ጠርቶ፣ አሁን ወደ ጉበታቸው ስለተሻገረ መክፈት አይጠቅምም አለን። ከጥቂት ወራት በፊት ቢሆን ኖሮ ብሎ ጀምሮ፣ ፊታችንን ሲያይ ተወው። ደም ተሰጣቸው፣ የሥቃይ መድኃኒት ተጻፈላቸውና ወደ ቤት ይመለሱ ተባለ።

ለአያ ይመር የነገሯቸው እትዬ ጦይባ ናቸው። አይከፍቱህም አሏቸው፤ ሌላ አልጨመሩም። አያ ይመር አልጠየቁም። "ደግ" አሉ።

ስንመለስ ዝናብ ነበር። ሐይቅን አልፈን ቁልቁለቱን ስንይዝ ጭጋጉ መንገዱን ሸፍኖት፣ እኔ ራሴ በብርድ ተኮራምቼ ነበር። አያ ይመር በጋቢ ተጠቅልለው ፊት ተቀምጠዋል። ውርጌሳ ስንደርስ፣ ያኔ ያስቆሙኝ ቦታ ላይ፣

"ኤሲውን ክፈተው" አሉኝ።

"በዚህ ብርድ?"

"ገለባህን አስጠርገሃል ወይ? ክፈተው ልየው።"

ከፈትሁት። ቀዝቃዛው አየር ፊቴን መታው። አያ ይመር እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው ጀርባውን አየር ማውጫው ላይ ደገፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጃቸውን አገላብጠው በመዳፋቸው ሞከሩ። እንደገና በጀርባው። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡና፣ ባወቅኋቸው ዘመን ሁሉ ማንንም ጠይቀው የማያውቁትን ጥያቄ ጠየቁኝ።

"ይቀዘቅዛል እንዴ?"

እጃቸውን አየሁት። ከጥፍራቸው ሥር እንኳ ደም አልነበረም። ከአየሩ ይልቅ እጃቸው ቀዝቅዞ፣ ሁለቱን መለየት አቅቷቸው ነበር። እትዬ ጦይባ ከኋላ ጎንበስ ብለው፣ ክንዳቸውን በባላቸው ትከሻ ላይ አሳልፈው፣ የራሳቸውን እጅ ጀርባ በሳቸው እጅ አጠገብ አየር ማውጫው ላይ ደገፉ። ዓይናቸውንም ጨፈኑ።

"ይበቃል" አሉ እትዬ ጦይባ።

አያ ይመር ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እጃቸውን ግን አላነሡም። አጥፋው ያለኝ ሰው አልነበረም። መስኮቱ ላይ ዝናቡ እየወረደ፣ ኤሲው እየነፋ፣ ሦስታችንም በብርድ እየተንቀጠቀጥን መርሳ ገባን።